«የቆየ ኪንታሮት» የተባለው ደም፦ ከጅማ አንድ የኮሎኖስኮፒ ጉዳይ

ታካሚው የ56 ዓመት አባወራ ናቸው። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መስመር የቡና ማሳ አላቸው፤ ጎን ለጎንም ጥቂት ቡና እየሰበሰቡ ይነግዳሉ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እዚህ አልተጻፈም። ወደ ጅማ ሲላኩ የያዙት የሪፈር ወረቀት ከአንድ መስመር አይበልጥም ነበር፦ «የቆየ ኪንታሮት፣ የደም ማነስ፣ ለተጨማሪ ምርመራ»።

ቆየ የተባለው 2 ዓመት ገደማ ነው። ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደማቅ ቀይ ደም ያያሉ፤ አንዳንዴ ሰገራው ላይ እንደ ክር ተለጥፎ፣ አንዳንዴ ከሰገራው በኋላ እየተንጠባጠበ። ቁርጠት የለም፣ ክብደት አልቀነሱም፣ ምግብ አልጠሉም። በ2 ዓመት ውስጥ ሦስት ቦታ ታይተዋል። ሁለቱ ጋ ሰገራቸው ተመርምሮ «አሜባ ነው» ተብለው ሜትሮኒዳዞል ዋጡ፤ ሦስተኛው ጋ ኪንታሮት ተብለው ቅባት ተሰጣቸው። በመካከሉ ኪንታሮት እነቅላለሁ የሚል የባህል መድኃኒት አዋቂ የሚያቃጥል ነገር ቀብቷቸው 10 ቀን ያህል በጎናቸው ተኝተው ሰነበቱ። ደሙ ለሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መሃል ጓንት አጥልቆ በጣት የመረመራቸው አንድም ባለሙያ አልነበረም። 2 ደቂቃ የማይፈጅ፣ ከጓንትና ከማለስለሻ በቀር ወጪ የሌለው ምርመራ ነው። ታካሚም ያፍራል፣ ሐኪምም ያፍራል፤ ቀኑ ግን ይሄዳል።

በመጨረሻ ወደ ሕክምና የመለሳቸው ደሙ ሳይሆን ድካሙ ነው። ዳገቱ ላይ ያለው ማሳቸው ድረስ ሦስት ጊዜ ሳያርፉ መድረስ አቃታቸው። ሄሞግሎቢናቸው ሲለካ 8.4 ግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ለአዋቂ ወንድ ከ13 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። የቀይ ደም ሴሎቻቸው አማካይ መጠን ደግሞ 68 ፌምቶሊትር ነበር። መደበኛው ከ80 በላይ ነው። ሴሎቹ አንሰው ሲገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይቀየራል። ሴት በወር አበባና በወሊድ ደም ታጣለች፤ የ56 ዓመት ወንድ ብረት የሚያጣበት ዋናው በር ግን ጨጓራና አንጀት ነው። ስለዚህ ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት ደሙ ከየት እንደሚወጣ መፈለግ ግድ ነው። ጅማ አካባቢ ሁክዋርም የሚባለው የአንጀት ትልም ቢልሃርዚያም ስላለ ሰገራቸው በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም፤ ለጥንቃቄ 400 ሚሊ ግራም የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል፣ ወሰዱ። ጨጓራቸው በኢንዶስኮፒ ታየ፤ የሚደማ ነገር የለውም። አኖስኮፕ በሚባለው አጭር ቱቦ ፊንጢጣቸው ሲታይ ሁለት ውስጣዊ ኪንታሮቶች ተገኙ።

ስለዚህ «ኪንታሮት አለ» ያሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ካገኙት በኋላ ፍለጋውን በማቆማቸው ነው። ኪንታሮት ከመብዛቱ የተነሳ ከሌላ በሽታ ጋር አብሮ ቢገኝ አይገርምም፤ መኖሩም ከበላዩ ሌላ የሚደማ ነገር እንደሌለ አያስረዳም። ኪንታሮት ብቻውን ሄሞግሎቢንን እዚህ ድረስ ሊያወርድ ይችላል፤ ግን እንዲያ የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ከተወገደ በኋላ ነው። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ የታዘዘላቸው ለዚህ ነው።

መሣሪያው የአውራ ጣት ያህል ውፍረት እንኳ የሌለው፣ 1.6 ሜትር ገደማ የሚረዝም ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት አለው፤ ውስጡ ውኃ የሚረጭበት፣ አየር የሚነፋበት፣ ፈሳሽ የሚመጠጥበትና ቀጫጭን መቁረጫዎች የሚገቡበት ቀዳዳዎች አሉ። መምጠጫው ከ4 ሚሊ ሜትር አይሰፋም። ይህን ቁጥር ያዙት።

ያልሰመረው ቀን

የመጀመሪያው ቀጠሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። የተሰጣቸው ምክር በቃል ሲሆን «ከዋዜማው ጀምሮ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፣ ማታ የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ይውሰዱ» የሚል ነው። የሚያስቀምጠው መድኃኒት አራት የቢሳኮዲል ክኒንና የጉሎ ዘይት ነበር።

«ቀለል ያለ» ሲባል ምን እንደተረዱ በኋላ ተጠየቁ። ምሳ ሽሮ በእንጀራ፤ ሥጋ የለበትምና ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ከገብስ ቆሎው ቆነጠር አደረጉ፤ ቆሎ ምግብ አይባልም። ማታ ባለቤታቸው «ሆድ ያጥባል» ብለው ተልባ በጠበጡላቸው። የደም ማነሱን ክኒን ደግሞ አንድም ቀን አላቋረጡም፤ እንዲያውም ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነውና ጎበዝ ታካሚ የሚያደርገውን አደረጉ። በማግስቱ ሌሊት ተነስተው ሚኒባስ ያዙ። መንገድ ላይ እንዳያስቸግራቸው ብለው ከጉሎ ዘይቱ ግማሹን ትተውት ነበር።

እያንዳንዱ ነገር አንጀት ውስጥ ገብቶ ያደረገው የተለያየ ነው። ጤፍ ትንሽ በመሆኑ ገለባው አይፈተግም፤ ሁሌም ከነልባሱ ነው የሚፈጨው። የጤፍ እንጀራ ለጤና ጥሩ የሚያደርገው ይኸው አሰር ለኮሎኖስኮፒ ዋዜማ መጥፎ ያደርገዋል። የሽሮ አሰርም እንዲሁ። የቆሎ ልባስ ሳይፈጭ እንዳለ ያልፋል። ተልባ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፍሬው መምጠጫውን ይደፍናል፣ ልጋጉ ደግሞ ግድግዳው ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፎ በውኃ ግፊት አይለቅም። የብረት ክኒን ሰገራን ጥቁርና የሚያጣብቅ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ከምርመራው ከ5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ የሚቆመው።

ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ቆመ። መምጠጫው ሦስት ጊዜ ተደፍኖ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ተጠረገ። የአንጀት ንጽሕና ቦስተን በሚባለው መለኪያ ይመዘናል፦ ቀኙ፣ መካከለኛውና ግራው ክፍል እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 2 ካላገኘ ምርመራው በቂ አይባልም። የእሳቸው ግራ ክፍል 0 ነበር። ሌሎቹ አልታዩም።

ሐኪሙ ያደረገው አንድ ነገር መመስገን አለበት። «ኪንታሮት ታይቷል» ብሎ ወረቀቱን መዝጋት ቀላል ነበር፤ ታካሚውም ይህን መልስ ይዘው ቢሄዱ አይከፋቸውም። የተጻፈው ግን «ምርመራው አልተጠናቀቀም፤ ከ30 ሳ.ሜ. በላይ አልታየም፤ ይደገም» የሚል ነው። ያልታየ አንጀትና ጤነኛ አንጀት በወረቀት ላይ ሲምታቱ ሰው ለዓመታት «ተመርምሬአለሁ» እያለ ይኖራል።

ሁለተኛው ዝግጅት

ከአንድ ወር በኋላ ሲደገም ነርሷ ታካሚውን ከነልጃቸው አስቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳች። ምግብ የሚያቀርበው ሰው አብሮ ካልሰማ ምክሩ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጃቸው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ትኖራለች፤ ግቢ ውስጥ የራሷ ሽንት ቤት አላት። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ እሷ ጋ እንዲያድሩ ተወሰነ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሌሊቱን ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ሰው አምስት ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት ፊት ወረፋ ሊይዝ አይችልም።

የብረት ክኒኑ ከ7 ቀን በፊት ቆመ። የደም ግፊታቸውን አምሎዲፒን ግን በምርመራው ጠዋትም ቢሆን በጉንጭ ውኃ እንዲውጡ ተነገራቸው። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ቢሆን ኖሮ ስለ መጠኑና ስለሚቆምበት ቀን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው መነጋገር ነበረባቸው፤ በራስ ውሳኔ የሚደረግ አይደለም።

ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ በቆሎ፣ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ፍሬ ያለው ፍራፍሬ ሁሉ ቆመ፤ ጅማ ግቢው ሁሉ የሚያፈራው ዘይቱን በተለይ በስም ተጠቀሰ፣ ዘሩ ልክ መምጠጫውን ለመድፈን የተሠራ ይመስላልና። የተፈቀደው ነጭ ሩዝ፣ የፉርኖ ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ እንቁላል፣ የተላጠ ድንች፣ ዓሣ፣ የዶሮ መረቅ ነው። ፆም ላይ ያለ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል፤ የፆም ገበታ ከሞላ ጎደል ከላይ የተከለከለው ነው። በረመዳን ደግሞ ቀን የሚወሰደው ፈሳሽ ከፆሙ ጋር አይሄድም። አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ከፆም ወራት ማውጣት ይሻላል።

ጫትም ተነሳ። ታካሚው ከሰዓት በኋላ መቃም ልማዳቸው ነው። ጫት ሆድ ያደርቃል፤ ቅጠሉ ራሱ አሰር ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምር ከሚያስተኛው መድኃኒት ጋር ሲገናኝ አይመችም። ሦስቱን ቀን ተዉት። ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር፦

«ሲስተር፣ ቡናስ?»

«ቡና ይጠጡ ጋሼ፤ ወተትና ቆሎ ብቻ አይግባበት።»

ዋዜማውን ጠዋት እንቁላልና ነጭ ዳቦ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠጣር ነገር አልቀመሱም። ጥቁር ሻይ፣ ቡና፣ የተጣራ መረቅ፣ ውኃ ብቻ። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ለስላሳ አይጠጣም፤ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል።

ማጽጃው ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባለው ዱቄት ሲሆን በድምሩ 4 ሊትር ይሆናል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ተበጠበጠ። ስኳር አይጨመርም፤ አንጀት ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ ይሆናል። የተጣራ ሎሚ ጠብ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ጨዋማና ልስልስ ጣዕሙን ይቀንሰዋል። ቀዝቀዝ ሲል ይበልጥ ይጠጣል።

ምርመራው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነበር። የመጀመሪያው 2 ሊትር በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ በየ15 ደቂቃው አንድ የውኃ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ እየተጠጣ 2 ሰዓት እንዲፈጅ ታስቦ ነበር። ሁለተኛው 2 ሊትር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተጀምሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ውኃና ጥቁር ሻይ ተፈቀደ፤ ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ምንም አይወሰድም።

ሌሊት መነሳቱን ሁሉም ያማርራል፤ «ማታውኑ 4ቱንም ልጠጣና ልተኛ» ይላል። ለሁለት መከፈሉ ግን ምክንያት አለው። ሰው ሲተኛ ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ሐሞትና ልጋግ ሌሊቱን እየተጠራቀመ የቀኙን አንጀት ይለብሰዋል። የንጋቱ ዙር የሚያጥበው ይህን ነው። ማታ ብቻ የጠጣ ሰው ግራው ጸድቶ ቀኙ ተሸፍኖ ይመጣል፤ ጠፍጣፋና ለማየት የሚያስቸግሩ ፖሊፖች (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ እብጠቶች) የሚበዙት ደግሞ በቀኙ በኩል ነው።

ታካሚውን በማታው ዙር አምስተኛው ብርጭቆ ላይ አቅለሸለሻቸው። ነርሷ አስቀድማ እንደነገረቻቸው ለግማሽ ሰዓት አቁመው ጥቂት ተራመዱና በየ20 ደቂቃው ቀጠሉ። መቀመጫቸው እንዳይላጥ ከመጀመሪያው ቫዝሊን ተቀብተዋል፤ በሶፍት ፈንታም ርጥብ ጨርቅ ተጠቅመዋል። ልጃቸው መልኩን እንድትከታተል ተነግሯት ነበር፦ ጉሽ ጠላ ከመሰለ ገና ነው፤ የፈዘዘ ሻይ መስሎ ታች ያለው ከታየ በቅቷል። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታች ያለው ታየ።

ይህ ዱቄት እንደ ልብ አልተገኘም፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ ላከው። አንድ ሰው ርካሽ ስለሆነ ማኒቶል እንዲጠጡ መክሯቸው ነበር። ማኒቶል አንጀት ያጸዳል፤ ነገር ግን የአንጀት ባክቴሪያ ሲያብላላው ሃይድሮጅን ይፈጠራል። ፖሊፕ በኤሌክትሪክ ሲቆረጥ ያ ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ምክንያት ሰው መሞቱ ተመዝግቧል።

ምርመራው

በግራ ጎናቸው ተኙ፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰበሰቡ። ለማረጋጊያና ለሕመም ማስታገሻ 2 ሚሊ ግራም ሚዳዞላምና 50 ሚሊ ግራም ፔቲዲን በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተሰካ። ሙሉ በሙሉ አልተኙም፤ ሲጠሩ ይመልሳሉ፣ ግን ግድ አይሰጣቸውም።

አስቸጋሪው ሲግሞይድ የሚባለው ጠመዝማዛ ክፍል ነው። ቱቦው ወደ ፊት ሲገፋ አንጀቱ አብሮ ይለጠጥና ቀለበት ይሠራል፤ ሕመሙም የሚመጣው ከዚህ መለጠጥ እንጂ ግድግዳውን ከመንካት አይደለም። መፍትሔው መግፋት ሳይሆን ወደ ኋላ ስቦ ማቃናት ነው። ረዳቷ ሆዳቸውን በመዳፏ ደገፍ አደረገች፤ በጀርባቸው ተገለበጡ፤ አለፈ። በ11 ደቂቃ ትልቁ አንጀት የሚጀምርበት ጋ ተደረሰ። መድረሱ የሚረጋገጠው በግምት ሳይሆን የትርፍ አንጀት ቀዳዳና ትንሹ አንጀት የሚገባበት በር ታይተው ፎቶ ሲነሱ ነው።

ሲገቡ ሳይሆን ሲመለሱ ነው የሚመረመረው። መቁረጡን ሳይጨምር መመለሱ ቢያንስ 6 ደቂቃ መውሰድ አለበት፤ እዚህ 9 ደቂቃ ወሰደ። ንጽሕናው ቀኙ 2፣ መካከለኛው 3፣ ግራው 3፣ ድምሩ 8 ነበር።

በቀኙ ክፍል ከአንዱ እጥፋት ጀርባ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ፖሊፕ ተገኘች። ስኔር በሚባለው የሽቦ ቀለበት ያለ ኤሌክትሪክ ተቆረጠች፤ ትንሽ ስለሆነች በመምጠጫው ተስባ መምጠጫው ቱቦ ላይ በታሰረ ስስ ጨርቅ ተያዘች። ከፊንጢጣው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ነበር፦ አንገት ያለው፣ ጭንቅላቱ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ላዩ የቆሰለና የሚደማ ፖሊፕ። ያለፈው ምርመራ ከቆመበት 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል።

የዚህ መጠን ፖሊፕ አንገቱ ውስጥ ወፍራም የደም ሥር ስለሚኖር መጀመሪያ 1 ለ10,000 የቀጠነ አድሬናሊን ተወጋበት። ጭንቅላቱ ገርጥቶ ሲሟሽሽ ቀለበቱ አንገቱ መሃል ላይ ገብቶ በኤሌክትሪክ ተቆረጠ። ከሥሩ አልተጠጋም፤ ቢደማ ተመልሶ የሚጨበጥ ጉቶ መቅረት አለበት። 22 ሚሊ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ስለማያልፍ በቀለበቱ ተይዞ ከነቱቦው ወጣ፤ ከዚያ ቱቦው እንደገና ገብቶ ጉቶው ታየ፤ ደረቅ ነው። ሆድ ሳይከፈት ፖሊፕ በዚህ መንገድ መቁረጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን ኒው ዮርክ ውስጥ ሂሮሚ ሺንያ የተባለው ሐኪም ነው የሠራው።

ሁለቱ ናሙናዎች በሁለት የተለያየ ብልቃጥ፣ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ገቡ፤ ቦታቸው ተጻፈባቸው። በአንድ ብልቃጥ ቢቀላቀሉ ኖሮ ካንሰር ቢገኝ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ከዚያ በኋላ

በዚያው ቀን ሆዳቸው ተነፋ፤ ተራምደው ጋዙ ወጣላቸው። ለ24 ሰዓት መኪና እንዳይነዱ፣ የሽያጭ ውል እንዳይፈርሙ ተነገራቸው። የቡና ለቀማው ስለደረሰ በማግስቱ ሊሄዱ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ከተቆረጠ ፖሊፕ የሚመጣ ደም እስከ 14 ቀን ድረስ ዘግይቶ ሊፈስ ይችላል፤ የአንጀት መበሳት ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም ቢመጣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ 3 ቀን ጅማ ሰነበቱ፤ ለ2 ሳምንት ኬሻ እንዳያነሱ ተስማሙ። ሆድ ጠንክሮ የማይለቅ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ወይም የረጋ ደም ተደጋግሞ ከወጣ ቀኑን ሳይጠብቁ እንዲመጡ ለባለቤታቸውም ጭምር ተነገረ።

የናሙናዎቹ ምርመራ (የፓቶሎጂው) ውጤት ከ3 ሳምንት በኋላ መጣ። ትንሿ ተራ አዴኖማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ እብጠት፣ ናት። ትልቁ ቱቡሎቪለስ አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሴሎቹ ወደ ካንሰር ለመሻገር የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሱበት ቦታ ነበረው፤ የተቆረጠበት አንገት ግን ንጹሕ ነው። «ካንሰር ነው ወይ?» ብላ ልጃቸው ጠየቀች። አይደለም፤ ቢተው ግን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነበር፤ ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፣ ኮሎኖስኮፒም ጥቅሙ ያ ጊዜ ሳያልፍ መድረሱ ነው። ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገም።

ብረቱ እንደገና ተጀመረ፤ እዚህም አንድ የተረሳ ነገር ተገኘ። ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት ለ6 ሳምንት ሲወስዱ ሄሞግሎቢናቸው ከ8.4 ወደ 8.9 ብቻ ነበር የወጣው፤ ደሙ እየፈሰሰ መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን ሌላው ክኒኑን በጠዋት ቡና መዋጣቸው ነው። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ይይዛሉ። አሁን ክኒኑን በውኃ፣ ከቡናው 2 ሰዓት አርቀው ይወስዳሉ። በ3 ወሩ 12.8 ደረሰ። ኪንታሮቱ እንዳለ ነው፤ አልፎ አልፎ ወረቀት ላይ ጠብታ ያሳያል፤ ውኃና አሰር ያለው ምግብ አብዝተው፣ ሽንት ቤት ብዙ ሳይቆዩ፣ ሳያምጡ እንዲወጡ ተመክረዋል። ያ የተከለከለ እንጀራና ጎመን አሁን ታዞላቸዋል።

ታናሽ ወንድማቸው 50 ዓመቱ ስለሆነ ምልክት ባይኖረውም እንዲታይ ተጠራ። ልጆቻቸው 40 ዓመት ሲሞላቸው ይጀምራሉ። የእሳቸው ቀጣይ ምርመራ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። መውጫ ወረቀታቸው ላይ የፖሊፖቹ ቦታና መጠን፣ የንጽሕናው ድምር 8 መሆኑ፣ እስከ መጨረሻው መደረሱ፣ ለዝግጅት የተወሰደው ዱቄት ስምና መጠን ተጽፏል። ልጃቸው ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለወንድምየውም ልካለታለች፤ የተከለከሉትን ምግቦች ዝርዝር ግን በእጇ ጽፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፋዋለች።